ጠጋ በሉማ! የጅግጅጋ ገንዘብ በማን እጅ ይዞራል?

ጠጋ በሉማ። ድምፄን ዝቅ ላድርግ፤ የጅግጅጋ ገበያ ጆሮው ብዙ ነው።

ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብር በይፋ ሲጀመር መሃል አገር ጉድ ብሎ ነበር። በስልክ ገንዘብ ሊላክ ነው! ያለ ባንክ ደብተር! ያን ሰሞን የሶማሌ ክልሏ ጅግጅጋ ምን አለች መሰላችሁ? ምንም። ወተት ሻጮቹ ቀና ብለው እንኳ አላዩም። እነሱ ስልካቸውን ቦርሳ ካደረጉት ዓመታት አልፈው ነበራ!

አዲስ ነገር ሁሉ ከመሃል ተነሥቶ ወደ ዳር የሚሄድ ይመስለናል። በዚህ ነገር ግን ዳሩ ነው የቀደመው። እንዴት እንደቀደመ ደግሞ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። የእኔ ሥራ የገንዘብ ወኪሎችን መመዝገብና ማሠልጠን ስለሆነ፣ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ያለውን አያለሁ። ዛሬ እናንተንም ወደዚያ ማዶ ላሻግራችሁ። ወኪሏ «ኔትወርክ የለም» ስትላችሁ በእርግጥ ምን ማለቷ እንደሆነም እነግራችኋለሁ። ቆዩ ግን፣ አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ከፊት ለፊቱ እንጀምር። በ2007 ዓ.ም. አካባቢ የሶማሌ ማይክሮ ፋይናንስ ተቋም ሄሎካሽ የሚባለውን አገልግሎት ይዞ ብቅ አለ። ሰሌዳው ላይ ያለው ስም የማይክሮ ፋይናንሱ ነው፤ ሕዝቡም የእርሱ ብቻ መሰለው። ከመጋረጃው ጀርባ ግን ቤልካሽ የሚባል የቴክኖሎጂ ኩባንያ ነበር፤ ሥርዓቱን የዘረጋው እርሱ ነው። ታዲያ ለምን በራሱ ስም አልወጣም? ሕጉ አይፈቅድለትማ! ብሔራዊ ባንክ በ2005 ዓ.ም. አካባቢ ያወጣው መመሪያ በሞባይልና በወኪል የሚሰጠውን አገልግሎት የፈቀደው ለባንኮችና ለማይክሮ ፋይናንሶች ብቻ ነበር። ሌሎች ኩባንያዎች በራሳቸው ስም እንዲገቡ በሩ የተከፈተው በ2012 ዓ.ም. ነው። እስከዚያው አንዱ ፈቃዱንና የሕዝቡን አመኔታ፣ ሌላው ማሽኑን ይዞ ተጣመሩ። ብዙ ባንክ ካለበት ከተማ ከመነሣት ይልቅ፣ የባንክ ቅርንጫፍ በጣት የሚቆጠርበትን አገር መረጡ። ጎበዝ ምርጫ ነበር።

ይኼ የወረቀቱ ታሪክ ነው። የገበያው ታሪክ ሌላ ነው።

ሐሳቡ ጅግጅጋ የገባው በድንበሯ ከተማ በቶጎ ውጫሌ በኩል ነው ብል የሚከራከረኝ ነጋዴ አላገኝም። በ2001 ዓ.ም. ሶማሌላንድ ውስጥ ቴሌሶም የሚባለው የስልክ ኩባንያ ዛድ የሚለውን አገልግሎት ጀመረ። የሶማሌላንድ ሽልንግ ዋጋው ከመውደቁ የተነሣ የሐርጌሳ ገንዘብ መንዛሪዎች ሽልንጉን እንደ ጡብ ደርድረው መንገድ ዳር ይቀመጡ ነበር። ከረጢት ሙሉ ሽልንግ ተሸክሞ ሻይ ከመጠጣት ቁጥር ነክቶ መክፈል ይሻላል ተባለ፤ አገሩም ተከተለ። አሁን አስቡት። ሐርጌሳ ዘመድ የሌለው የጅግጅጋ ሰው ብርቅ ነው። ለሰርግ ይሄዳል፣ ለለቅሶ ይሄዳል፣ ለሸቀጥ ይሄዳል። አክስቱ ባለ ቁልፍ ስልክ ይዛ ስትገበያይ አይቶ ይመለሳል። እኛ አገር ወኪሎች «ኮከብ ይጫኑ፣ ቁጥር ያስገቡ፣ መሰላል ይጫኑ» ብለው ማስተማር ሲጀምሩ፣ ደንበኛው አስቀድሞ ተምሮ ነው የመጣው።

ወደ ኋላ ደግሞ ትንሽ ልመልሳችሁ፤ ሥሩ ጠለቅ ያለ ነው። በ1980 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ሐርጌሳና ቡርዖ ሲደበደቡ ሕዝቡ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ እኛ ፈሰሰ። ከጅግጅጋ በስተምሥራቅ ያለችው ሀርትሼክ በአንድ ወቅት ከ250,000 በላይ ስደተኛ ይዛ የዓለም ትልቁ የስደተኞች መጠለያ ተባለች። ከተሰደዱት ውስጥ ዳሃብሺል የተባለውን የሐዋላ ድርጅት የመሠረቱት መሐመድ ሰዒድ ዱዓሌ ይገኙበታል። ሥራቸውን እንደገና የጀመሩት እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ሆነው ነው፤ ከባሕረ ሰላጤውና ከአውሮፓ የሚላከውን ገንዘብ ለተሰደደው ቤተሰብ ያደርሱ ነበር። ዛሬ ስሙ በብዙ አገር የሚታወቀው ድርጅት ከዚያ ጭንቅ ውስጥ ያለፈ ነው። የሐዋላ ሥራ ያን ጊዜ በምን ይካሄዳል? በሬዲዮ መገናኛና በቃል። አንዱ እዚያ ይቀበላል፣ ሌላው እዚህ ይከፍላል፣ ሒሳቡ በኋላ ይተሳሰባል። ስልኩ በመጣ ጊዜ «ገንዘቡ ሳይንቀሳቀስ ገንዘብ ይደርሳል» የሚለው ነገር ለመሃል አገሩ ሰው እንቆቅልሽ ነበር። ለሀርትሼክ አሮጊት ግን የድሮ ወሬ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ደንበኞቹን ታስጨንቃቸው ነበር። ገምቱ። ኔትወርክ? አይደለም። ሌባ? እሱም አይደለም። «ወለድ አለው ወይ?» የሚል ጥያቄ። ሥልጠና ላይ ስለ ሚስጥር ቁጥር ስናወራ ፀጥ ያለች ሴት፣ ወለድ ሲነሣ እጇን ታወጣለች። የመሃል አገር ባንኮች ለዓመታት ያልገባቸው ይህ ነው፤ ሰው ባንክ የራቀው ስላልዘመነ አይደለም፣ ሃይማኖቱ ስላላስጠጋው ነው። በ2011 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች እንዲቋቋሙ ፈቀደ። የሶማሌ ማይክሮ ፋይናንስም አድጎ ሸበሌ ባንክ ሆነ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም እዚሁ ጅግጅጋ ነው። ፍየል መግዛት ለፈለገ ሰው ብር አበድሮ ወለድ ከመቀበል፣ ባንኩ ፍየሏን ራሱ ገዝቶ ትርፉን ነግሮ በተከፋፈለ ክፍያ መሸጥ፦ ሙራባሃ የሚሉት ይህ ነው። ለእኔ ከማንኛውም መተግበሪያ በላይ ይህች ፈቃድ ናት የሰውን ብር ከፍራሽ ሥር ያስወጣችው።

ኧረ ፍራሽ ስል! መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ብር ሲቀየር፣ የ200 ብር ኖትም ሲመጣ፣ መለወጫው ሦስት ወር ብቻ ነበር። የድንበር ንግድ ደግሞ በጥሬ ብር ነው የኖረው። ያን ጊዜ ከየጆንያው ምን ያህል ብር እንደወጣ እኔና ገበያው እናውቃለን፤ እዚህ ላይ አልፈዋለሁ።

አሁን ወደምወደው ክፍል እንግባ። ወተት።

የግመል ወተት ከጅግጅጋ ዙሪያ፣ ከጉርሱምና ከባቢሌ አቅጣጫ ይሰበሰባል። ወንዶቹ ያልባሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ንግድ የሴቶቹ ነው። ዕቃውን በጭስ ያጥናሉ፣ ወተቱን በቢጫ ጄሪካን ይሞላሉ፣ የማን እንደሆነ እንዲታወቅ እጀታው ላይ ክር ወይም ቁራጭ ጨርቅ ያስራሉ። ጄሪካኑ መኪና ላይ ይወጣል። ከፊሉ ጅግጅጋ ይቀራል፣ ከፊሉ ድንበር ተሻግሮ ሐርጌሳ ይገባል። በሲቲ ዞን ደግሞ የሽንሌ ሴቶች በድሮው ባቡር ጅቡቲ ድረስ ይልኩ ነበር።

ገንዘቡስ እንዴት ይመለስ ነበር? በሾፌሩ እጅ! ባዶው ጄሪካን ሲመለስ ብሩ ተጠቅልሎ አብሮ ይመለሳል። ያኔ ሾፌር ማለት ትልቅ ሰው ነው። ገንዘብ ያዥ እሱ፣ መልእክተኛ እሱ፣ የገበያ ዋጋ ነጋሪ እሱ። «ዛሬ ወተት ረክሷል» ካለ ረክሷል። ማን ያጣራል?

ስልኩ ገባና ሾፌሩ ሾፌር ብቻ ሆነ። ገጠር ያለችው ሴት መኪናው ሳይነሣ ጅግጅጋ ደውላ ዋጋውን ታጣራለች። ካልተስማማት ለሌላ ገዢ ትደውላለች። ወተቱ ሲሸጥ ገንዘቡ ስልኳ ላይ ጢን ይላል። ስለ አዲስ ቴክኖሎጂ የሚወራው እስከዚህ ድረስ ነው፤ ፎቶውም እዚህ ላይ ይነሣል። ፎቶው ላይ የማይታየውን ልንገራችሁ?

የሴትየዋ ሁለተኛ ሲም አለ።

አዎ፣ ሁለተኛ ሲም። የጥሬ ብር ድምፁ ይሰማል፤ ወንድም ያየዋል፣ ባል ያየዋል፣ ዘመድ ይጠይቃል። የስልክ ገንዘብ ግን ዝም ያለ ነው። ከወተቱ ላይ ትንሽ ትንሽ ወደዚያች ሁለተኛ ቁጥር ይሻገራል። ለምን? ለልጅ ትምህርት፣ ለሐግባድ፣ ማለትም ለእነሱ እቁብ፣ ለክፉ ቀን። በገንዘቧ ራሷ የምታዝዝ ሴት እንዴት እንደምትቀመጥ፣ እንዴት እንደምትናገር ብታዩ ይገባችኋል። ይህን ነገር ከልቤ እወደዋለሁ። ማንም ሪፖርት ላይ ስላልጻፈው ነው የምጽፈው።

ስልኩ የሚያዞረው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ፖለቲካውስ? እዚህም ከፊትና ከኋላ አለ። ፊት ለፊት የሶማሌ ክልል ቴሌቪዥን አለ፣ መግለጫ አለ፣ የፌስቡክ ገጽ አለ። ቁም ነገሩ የሚያልፈው ግን በድምፅ ነው፤ በዋትስአፕ የድምፅ መልእክት። ረጅም ጽሑፍ ላኩ፣ ማንም አያነበውም። ያንኑ በድምፅ ላኩ፣ ከሰዓት በኋላ ቶጎ ውጫሌ ይደርሳል፣ ማታ ደግሞ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ። ይህም ከሰማይ አልወረደም። የሶማሊኛ ጽሕፈት በላቲን ፊደል ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ ግጥሙና ክርክሩ ግን ከዚያ በፊት ለዘመናት በቃል ሲሄድ ኖሯል። እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1980 የሐድራዊና የጋሪዬ ትውልድ ባለቅኔዎች «ዴሌይ» በተባለው የግጥም ምልልስ የሶማሊያን መንግሥት ሲሞግቱ መንገዳቸው ካሴት ነበር። አንዱ ይቀዳል፣ ሌላው ይገለብጣል፣ ቅብብሉ ይቀጥላል። ሐድራዊ ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ገብቶ የተቃዋሚዎቹን ጎራ ተቀላቅሏል። ዛሬ አንድ ወጣት ሻይ ቤት ተቀምጦ የሁለት ደቂቃ ግጥም ቀድቶ ሲለቅ፣ የአያቶቹን ካሴት ነው በኪሱ የያዘው። ብልጥ ፖለቲከኛም ይህን ያውቃል፤ መግለጫው ሳይወጣ ድምፁ ሻይ ቤት ደርሶ ያድራል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የክልሉን መሪነት የተረከቡት ሙስጠፌ መሐመድ ራሳቸው ከሹመቱ በፊት በጽሑፍና በማኅበራዊ ሚዲያ የቀድሞውን አስተዳደር ይተቹ የነበሩ ሰው ናቸው።

ከዚያ ሹመት በፊት የሆነውን ጅግጅጋ አትረሳም። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. የጀመረው ሁከት ሰው በልቷል፣ ሱቅ አዘርፏል፣ ቤተ ክርስቲያን አቃጥሏል። በዚያ ሰሞን ኢንተርኔቱም ተዘግቶ ነበር። ስለ ቴክኖሎጂ ሳስብ ያን ጊዜ ከአእምሮዬ አይወጣም። ሥዕሉ ያማረ፣ ኢንተርኔት ከሌለ ግን የሚሞት መተግበሪያ ይዘው ለሚመጡ ጎበዞች የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፦ «ኢንተርኔት ሲጠፋ ይሠራል?» በባለ ቁልፍ ስልክ፣ በኮከብና በመሰላል የሚሄደው አገልግሎት ኢንተርኔት አይፈልግም። የማያምር ነው፣ ግን ገበያው የቆመው በእርሱ ላይ ነው።

እሺ፣ አሁን ቃሌን ልጠብቅ። «ኔትወርክ የለም።»

ቆርቆሮ ሱቅ ደርሳችሁ ብር ልታወጡ ስትሉ ወኪሏ ስልኳን ታየዋለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ «ኔትወርክ የለም» ትላለች። አንዳንዴ እውነቷን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ኔትወርኩ አለ፤ ያለቀው መሳቢያዋ ውስጥ ያለው ጥሬ ብር ነው!

ለምን በግልጽ አትናገርም? ሁለት ምክንያት አላት። «ካሽ የለኝም» ካለች ነገ ወደ ጎረቤቷ ትሄዳላችሁ። ስለ ካሽ ደግሞ በአደባባይ ብታወራ ሌላ ዓይን ያርፍባታል። ስለዚህ ጥፋቱን ኔትወርክ ይሸከማል። ኔትወርክ አይከራከር፣ አይቆጣ።

ከጀርባው ያለው ችግር ፍሎት ይባላል። ወኪሏ ሁለት ኪስ አላት፤ አንዱ መሳቢያ ውስጥ ያለው ጥሬ ብር፣ ሌላው ስልኳ ላይ ያለው ቁጥር። እናንተ ስታስገቡ መሳቢያው ይሞላል፣ ስልኩ ይጎድላል። ስታወጡ ደግሞ ተገላቢጦሽ። ሁለቱ ኪሶች እኩል ካልሆኑ ሱቁ ክፍት ሆኖ ሥራው ዝግ ነው። ገበያው ደግሞ እኩል አያውቅም። ጠዋት ከብት ነጋዴዎች ይመጣሉ፤ ከገጠር የመጣው ባለ ከብት በእጁ ጥሬ ብር ካልያዘ በሬውን አይለቅምና ሁሉም ማውጣት ይፈልጋል። መሳቢያው ባዶ። ከአወዳይ የሚመጣው ጫት ሲገባና ሲሸጥ፣ ከሰዓቱ ገፋ ሲል፣ ሻጮቹ እጃቸው ላይ የተከማቸውን ብር ይዘው መምሸትን አይወዱም፤ ሁሉም ማስገባት ይፈልጋል። መሳቢያው ሞልቶ ስልኩ ባዶ። በእርዳታ ክፍያ ቀንማ የስደተኞች መጠለያ ያለባትን ቀብሪበያህን ማየት ነው! ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ለሁሉም ስልክ ይገባል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጥሬ ብር ይላል።

ታዲያ ማን ያስተካክለዋል? ሲስተሙ? ዋናው መሥሪያ ቤት? ጎረቤቷ ያለችው ጨርቅ ነጋዴ ናት። ጠዋት ወኪሏ ልጅ ትልክባታለች፦ «ኤዶ (አክስቴ)፣ እማዬ ትንሽ ካሽ ስጪኝ ብላለች።» ኤዶ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ ጥቅሉን ታወጣለች። ደረሰኝ የለም፣ ፊርማ የለም፣ ወለድም የለም። ማታ ይመለሳል። ካልተመለሰ የሚጠየቅ አጎት አለ፣ የሚቀመጥ ሽማግሌ አለ። የሐግባዱ ዕጣ እንኳ አንዳንዴ ለወኪሏ የሚሰጠው ገበያው በሚጠናበት ሳምንት ሆኖ ይገኛል፤ በአጋጣሚ እንዳይመስላችሁ። ያ ሁሉ ዘመናዊ ሲስተም ጠዋት ጠዋት የሚነሣው በኤዶ ጥቅል ነው።

አሁን ደግሞ ፉክክር መጣ። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሥራውን ከድሬዳዋ ጀመረ፤ በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ኤም-ፔሳን አስከተለ። ቴሌብር አለ፣ ሄሎካሽ አለ፣ ኢ-ብር አለ። ለደንበኛ ጥሩ ነው፤ ምርጫ ነው። ለወኪሏስ? አንድ ጠረጴዛ፣ አራት ስልክ፣ አራት ፍሎት። ያቺው የነበረቻት ገንዘብ ለአራት ተከፋፈለች ማለት ነው። አንዱ ስልክ ላይ ሞልቶ ሌላው ላይ ያልቃል። ስለዚህ ፉክክሩ በበረታ ቁጥር «ኔትወርክ የለም» ቢበዛ አትገረሙ። የሽያጭ ሰዎቹ ግድግዳዋን በየቀለማቸው ይቀቡላታል። መሳቢያዋን የሚጠይቃት ግን የለም። ይህ ያናድደኛል፤ በእውነት ያናድደኛል። ገንዘቡን ከስልክ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ስልክ የምታዞረው እሷ ሆና ሳለ፣ ምረቃ ላይ ሪባን ሲቆረጥ የእሷ ወንበር የለም።

ስለዚህ በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ ባለ ባንኮችና ባለ ኩባንያዎች ግልጽ ልሁን። አዲስ መተግበሪያ ከማምጣታችሁ በፊት ለወኪሎቻችሁ ማለዳ ወስደው ማታ የሚመልሱት፣ ወለድ የሌለበት የፍሎት ብድር አዘጋጁላቸው። ስንት ይበቃል ብላችሁም አማካሪ አትቅጠሩ፤ ኤዶን ጠይቁ፣ እስከ ሳንቲሙ ትነግራችኋለች። በአራቱም ስልኮች መካከል ገንዘቡ ያለ ችግር እንዲሻገር አድርጉ፤ ያን ጊዜ አንድ ፍሎት ለአራቱም ይበቃል።

ለእናንተ ለአንባቢዎቼ ደግሞ ከጠረጴዛው ጀርባ ያለውን ምክር ላቀብላችሁ። ጅግጅጋ ወይም ቶጎ ውጫሌ ስትመጡ፣ ማስገባት ከሆነ ጉዳያችሁ ማለዳ ኑ፤ ጥሬ ብሩን ስለምትፈልገው ወኪሏ ቆማ ትቀበላችኋለች። ማውጣት ከሆነ ደግሞ ጫቱ ገብቶ እስኪሸጥ ጠብቁ። ያን ጊዜ ኔትወርኩ ይኖራል።